የአባቴ ሁለት የልደት ዓመቶች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። በረሃ አላቋረጥንም፣ ባሕርም አልበላንም። አባቴ ከደርግ ሸሽቶ ዙሪክ አጠገብ ያለች የገበሬዎች መንደር ገባ፤ ቆይቶ እኔን በዘጠኝ ዓመቴ ከደሴ አስመጣኝ። የወጣሁ ቀን ጠዋት አያቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችኝና ቆሎ በመስኮት አቀብላኝ፣ "አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ።

አባቴ በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ይሠራል። ቅመም የሌለው ሾርባ ሲያማስል ውሎ ቤት ሲገባ በርበሬ ያሸታል። የስደተኛ መጓጓዣ ሰነዱ ከኢትዮጵያ በቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል። እናቱን ለማየት የስዊስ ፓስፖርት ያስፈልገው ነበር፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ እጅ አውጥቶ ሊቀበለው ይገባል።

ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባቴ መጀመሪያ ሲመጣ የተወለደበትን ዓመት ጠይቀውት 1938 ብሏቸዋል፤ እነሱም በራሳቸው አቆጣጠር መስሏቸው እንዳለ ጻፉት። በወረቀታቸው ላይ በስምንት ዓመት አረጀ።

"አባባ፣ ይሄማ መታረም አለበት። በእነሱ 1946 ነው።"

"ተይው ራሒማ። ስምንት ዓመት በነጻ ሰጥተውኛል፤ ጡረታዬም ቶሎ ይደርሳል።"

"ውሸት ነው እኮ!"

"እኔ የነገርኳቸው እውነት ነው። የተቀረው የራሳቸው ጉዳይ ነው።"

አረምኩት። ጥንቃቄዬን እንዲያዩልኝ ሁለት ገጽ ማብራሪያም በጥሩ ጀርመንኛ ጽፌ አያያዝኩበት።

በጥቅምት ጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ከከተማው ዳር ኦኔ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። መምህራችን የአንድ መንደር የድሮ መዝገብ አጥኑ ሲለን፣ የእኛን ጌማይንዴ፣ ማለት የመንደሩን አስተዳደር፣ የዜግነት መዛግብት መረጥኩ። ሳጥኑን ያወጣልኝ የአባቴን ፋይል የያዘው ጸሐፊ ነበር። ውስጡ የአንድ ጣሊያናዊ ድንጋይ ጠራቢ ማመልከቻ አገኘሁ። የልደት ቀን በሚለው ቦታ "አያውቀውም፤ ወይን ሲለቀም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ተቀባይነት አግኝቷል።" ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ይዤው ወደ ጸሐፊው ሮጥኩ።

"ይመልከቱ፣ ይሄ ሰው ጭራሽ ቀኑን አያውቅም። ግን ተቀብላችሁታል!"

"እሱ አንድም ዓመት አልነበረውም ወይዘሪት። አባትዎ ሁለት አላቸው።"

"ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያየው አቆጣጠሩ ነው። ጽፌያለሁ እኮ።"

"አንብቤዋለሁ፤ በጣም ያምራል። እዚህ ግን ያለን አንድ አቆጣጠር ነው። ደግሞ ሰው በድንገት ወጣት የሚሆነው ሊያገባ ሲል ነው። አባትዎ ሊያገቡ ነው?"

ሳቅኩለት። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው።

በታኅሣሥ መግቢያ መንደሩ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰበ። አመልካች ውጭ ነው የሚጠብቀው። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ኮሪደሩ ላይ የሕፃናት አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። በሩ ስስ ነበርና ጎረቤታችን ገበሬው ሲናገር ሰማን።

"ጥሩ ሰው ነው፤ ደጄን በረዶ ይጠርግልኛል። ግን ዛሬ የልደት ዓመቱን የቀየረ ሰው ነገ ምን ይቀይራል?"

አዳራሹ ሳቀ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አብሽሪ፣ ጥሩ ሰው ነው ብሏል" አለኝ።

ጸሐፊው ወጥቶ አባቴን ጨበጠው። "ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መሞከር ይችላሉ።" አባቴ አመሰገነው። በመንገድ ላይ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ስለው፣ "ነይ፣ ይበርድሻል" ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ደሴ ደወለ። የአያቴ ድምፅ ደክሟል።

"ለጾሙ ትደርሳለህ?"

"ኢንሻላህ እማዬ። ወረቀቱ ትንሽ ነው የቀረው።"

ጾሙ ገባ፣ ወጣ። እኔ በየሳምንቱ መጨረሻ ከጄኔቭ በባቡር እየመጣሁ አብሬው እቀመጥ ነበር። አንድ እሑድ አክስቴ ደወለች። አባቴ ለእናቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው፤ በእኛ ወግ እናትን መቃብር ወርዶ የሚቀበላት ወንድ ልጇ ነው። አላለቀሰም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"መቃብር ገብቶ የተቀበላት ማነው?"

"ጎረቤት" አለችው።

መጋቢት 7 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር።