ግራሩ ሥር ያልቆመችው መኪና

ትናንት ከሰዓት በኋላ የመኪናህን ኮፈን ስትከፍትልኝ መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። የፈላ የራዲያተር ውሃ ሽታ። ጣፋጭ ነው፤ ከረሜላ የጋለ ብረት ላይ ቀልጦ ሲያር የሚሸተው ዓይነት። አንተ ስልክህን አውጥተህ የሁለት ሞተር ፎቶ እያሳየኸኝ፣ «ትንሹን ላስገባባት ወይስ ትልቁን?» አልከኝ። እኔ መፍቻዬን መጥረግ ጀመርኩ። መልስ ያጣሁ መስሎህ ሄድክ።

መልስማ ነበረኝ። በደብተር ጽፌ፣ በማስመሪያ ለክቼ የጨረስኩት ጥያቄ ነው። ትክክልም ነበርኩ። ዛሬ ተመልሰህ ስለመጣህ ልንገርህ።

ያኔ እኔና ቤተሰቤ የምንኖረው አዋሽ ነበር። እናቴ ከወሎ መጥታ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቁርስ ቤት ከፍታ ነበር። እኔ ደግሞ ሐጂ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ሐጂም የወሎ ሰው ናቸው፤ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖችን ሲጠግኑ ያረጁ። የሞተርን ነገር ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የጥገና መጽሐፍ ነበረኝ፤ የማላውቀውን ቃል ሁሉ በመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌርነቱን ትቶ እዚህ ሰመራ ሥራ አግኝቶ ነበር። ቅዳሜ እናታችንን ሊያይ ይመጣል፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። በሕዝብ መኪና ሲመላለስ ግማሹ ቀን መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ሐጂ ጋራዥ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ ቀይ የስፖርት መኪና ቆማ ነበር። ባለቤቷ ከጅቡቲ ሲያመጣት ሞተሯ በሙቀት ተሰንጥቆበት ጥሏት የሄደ ነው። መብራቶቿ ከኮፈኑ ውስጥ እንደ ዓይን ይገለጣሉ። አንዱ አይነሳም ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምትጠቅስ ትመስላለች።

«ካስነሳችኋት ውሰዷት» አሉን ሐጂ። «እኔ ዶሮ እያደረባት ሰለቸኝ።»

ከተጋጩ መኪኖች የወጡ ሁለት ሞተሮች በሸራ ተሸፍነው ነበር። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ በሁለቱም ዓይነት ትሠራ ስለነበር ሁለቱም ይገጥሟታል። አንዱ ባለ አራት ሲሊንደር፣ አሥራ ስድስት መቶ ሲሲ። ሌላው ባለ ስድስት፣ ሃያ አምስት መቶ። ወንድሜ ትልቁን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው።

«ሞተር ማለት ይሄ ነው» አለ። ወደ ትንሹ ዞሮ ደግሞ፣ «ይቺማ የወፍጮ ቤት ሞተርም አትሆን። ሽንኩርት ትፈጭ እንደሆነ እንጂ።»

«ሽንኩርት የምትፈጨዋ ሰመራ ታደርስሃለች። ያኛው ግን ገዋኔን አልፎ ብዙም አይሄድም» አልኩት።

«ሐጂ፣ ይሄ ልጅ የኔ ወንድም መሆኑን እርግጠኛ ነዎት?»

ሐጂ ከአንድ ተሳቢ ሥር ተኝተው ነበር። እግራቸው ብቻ ይታያል። «አላህ ላንተ የሰጠህ አንድ ልብ ነው፤ እሱንም በቅጡ አልነዳኸውም። ስድስቱን ምን ልታደርገው ነው?» የሚል ድምፅ ከሥር ወጣ።

ደብተሬን አሳየሁት። ትልቁ ሞተር ሲገባ በማቀዝቀዣው ፕሮፔለርና በራዲያተሩ መካከል የሚቀረው ሁለት ጣት ነው። ነፋስ አይገባም። የአዋሽ ሙቀት ደግሞ የምታውቀው ነው፤ ከመንገዱ የሚነሳው እሳት ራሱ ሌላ ሞተር ነው። ክብደቱም ከፊት ይበዛል፤ ፍሬኑም የተሠራው ለትንሹ ነው። ወንድሜ ደብተሩን ገልብጦ አየና፣ «ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ። ከዚያ ትልቁን አስገባን።

ድምፁን ግን አልክድም። በመጀመሪያው ቀን ሲነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ያን ሳቅ አሁንም ከባድ መኪና በሩቅ ማርሽ ሲቀይር እሰማዋለሁ።

በተከታታይ ሦስት እሁድ አብሬው ወጣሁ፤ እኔ ከመንገዱ አጋማሽ በጭነት መኪና እመለስ ነበር። አዋሽ አርባን አለፍን፤ ወደ መልካ ወረር የሚገነጠለውን መንገድ ትተን ቀጠልን፤ ገዋኔንም አለፍን። ከዚያ መንገዱ ረጅም ዳገት አለው። ዳገቱ አናት ላይ አንድ ትልቅ ግራር ቆሟል። ከግራሩ ወዲያ ወደ ደረቅ ወንዝ ይወርዳል። ድልድዩ እየታደሰ ስለነበር መኪና ሁሉ ወንዙ ውስጥ በአሸዋው ላይ ያልፍ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የሙቀት መለኪያው መርፌ ዳገቱ ላይ ቀዩን ነካ፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ግራር ሥር ቆምን። ኮፈኑን ስንከፍት ያ ጣፋጭ ሽታ ወጣ።

ግራሩ ሥር አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ግመሎቻቸው ወንዙ ዳር ይግጣሉ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ እኛን ሲያዩ ቦታ ለቀቁልን።

«ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» አሉን።

ዳጉ መሆኑ ነው። አንተም ለአገሩ አዲስ አይደለህም፤ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ሳይቀመጥና ያየውን የሰማውን ሳይሰጣጥ አይተላለፍም። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ መንገዱ እንዴት ነው። መጨመር ነውር ነው፤ መደበቅም ነውር ነው። ወንድሜ ይህን ከሹፌርነቱ ያውቀው ነበር። ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ፤ የእናታችንን ጉልበት ሕመም ሳይቀር። ሽማግሌውም በተራቸው ነገሩት። እኔ ሰዓቴን አይ ነበር።

ውሃ ሲያልቅብን ሽማግሌው ከራሳቸው ቢጫ ጄሪካን ሰጡን። ከሩቅ በግመል የሚመጣ ውሃ ነው። ራዲያተሩ ሲውጠው ቆመው አዩና፣ «ይቺ መኪና ሁልጊዜ ትጠማለች» አሉ።

«ጌታዋም እንደዚያው ነው፣ አባቴ» አለ ወንድሜ። ሁለቱም ሳቁ።

በሦስተኛው እሁድ ወንድሜ ሰመራ የገባው መሽቶ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ በሙቀት ሊጣመም ጥቂት ሲቀረው ነው። እናታችን ያን ሌሊት አልተኛችም። ጠዋት ጋራዥ ድረስ መጣች፤ መጥታ አታውቅም ነበር። እጇ ላይ የፍርፍር ቅባት እንዳለ፣ «አንተ ነህ አዋቂው» አለችኝ። «ልጄን መንገድ ላይ የማያቆም ሥራልኝ። ሌላ አልለምንህም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለወንድሜ ነገርኩት። ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ሽንኩርት መፍጫዋን አስገባ» አለ።

ትልቁን አውጥተን በሸራ ሸፈንነው። ትንሹን ስገጥም የሠራሁትን ያህል በሕይወቴ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። እያንዳንዱን ቡሎን መጽሐፉ በሚለው ልክ አሰርኩ። ካንዴላዎቹን በአዲስ ቀየርኩ። ራዲያተሩን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ፕሮፔለሩን ስድስት ጣት አራቅኩት። ስትነሳ ድምፅዋ ቀጭንና እኩል ነበር፤ አጠገቧ ቆሞ ማውራት ይቻላል።

በዚያው እሁድ ብቻውን ሄደ። አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አልቆመችም!» አለኝ። «ወላሂ፣ ያን ዳገት እንደ ሜዳ ነው የወጣችው።»

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ሰመራ ሲደርስ በስልክ የሚልክልኝ አንድ ቃል ሆነ። «አልቆመችም።» እኔም ደብተሬ ላይ ከቀኑ አጠገብ እጽፈው ነበር። ለእናቴ አነብላት ነበር። እሷ «አልሐምዱሊላህ» ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

የነሐሴ እሁድ ነበር። አዋሽ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ አንድም ደመና አልነበረም። ወንድሜ ምሳውን በልቶ፣ የእናታችንን ግንባር ስሞ ተነሳ፤ መኪናዋ በማትከፈተው ዓይኗ እየጠቀሰችን ከጋራዡ በር ወጣች። እኔ የወጣችበትን ድምፅ እያዳመጥኩ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ የካንዴላ ማስተካከያ እንደሚያስፈልጋት ሳስብ ነበር። አያስፈልጋትም ነበር። ምንም ጉድለት አልነበራትም።

ያን ቀን ቃሉ አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት አፋር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሐጂን በእጁ ጠራቸው። ወሬው ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ፣ ከስልክም ከፖሊስም ቀድሞ ነው የደረሰው። ሐጂ ጥቂት አዳመጡና ሄደው ኮምፕረሰሩን አጠፉት። ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ኮምፕረሰር ነው። ዝምታው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ና ተቀመጥ።»

ዝናቡ የዘነበው ደጋ ላይ ነበር። ጎርፉ በደረቁ ወንዝ ወርዶ ወንድሜን አሸዋው መሐል አገኘው። መኪናዋ ከታች በኩል ጭቃ ውስጥ ተተክላ ተገኘች። እሱን የግመል እረኞች አግኝተው፣ ሸማ አልብሰው፣ ሰው እስኪመጣ ሲጠብቁት ነበር። በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ አዋሽ ቀበርነው። እናቴ ምንም አላለችኝም። የለመነችኝን ሠርቼላታለሁና ምን ትበለኝ?

ከስድስት ወር በኋላ ወደ ግራሩ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ሽማግሌው እዚያው ነበሩ። ጢሜን አሳድጌ ይሁን ከስቼ፣ አላወቁኝም። ቦታ ለቀቁልኝና፣ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉኝ። መንገዱን ነገርኳቸው። የነዳጅ ሰልፉን ነገርኳቸው። ከዚያ ስለ ቀይዋ መኪና ጠየቅኳቸው።

«ያን ቀን ልጆች ከላይ ሮጠው መጡ። ውሃ ወረደ አሉ» አሉኝ በዝግታ። «ግመል ሁሉ አወጣን። ቀይዋ መኪና መጣች። ተነሳሁ፣ ዱላ አነሳሁ። ልጁ አየኝ። እሱም እጁን አነሳ። ሳቀልኝ። ሰላምታ መስሎት ነው።»

ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«መኪናዋ ድምፅዋ ጥሩ ነበር» አሉኝ። «ምንም አላመማትም።»

የሠራኋት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ሰመራ መጥቼ ይህን ጋራዥ ስይዝም፣ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር እየቆምኩ፣ ሁሉንም ወሬ እየሰጠሁ፣ ያን አንዱን ብቻ ደበቅኩ። ዓመታት። ሁልጊዜ «ምን ሰማህ?» ሲሉኝ፣ ከልጁ ጋር የነበረው ሁለተኛው ሰው እኔ መሆኔን ትቼ ስለ መንገዱ አወራቸው ነበር።

ባለፈው ወር ነገርኳቸው። ወንድሜ እንደነበረ። ሁለት ሞተር እንደነበረ። ትልቁ ቢሆን ኖሮ ዳገቱ ላይ ይግል እንደነበር፣ እዚህ ይቆም እንደነበር፣ እሳቸውም ስለ ጎርፉ ይነግሩት እንደነበር። እንዳይቆም አድርጌ የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ወንዙን አዩ። ድልድዩ አሁን ታድሶ አልቋል፤ ከባድ መኪኖች ሳይቆሙ ያልፉበታል።

«በየሳምንቱ ውሃ አስቀምጥ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጄሪካኑን ሞልቼ። ትጠማለች ብዬ።»

ትንሽ ፈቀቅ ብለው ጥላው ያለበትን ቦታ ለቀቁልኝ።

መኪናህን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ደብተሩን አውጥቼ ቁጥሩን ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ትንሹ ነው። አሁንም ትንሹ ነው ትክክሉ። ሰኞ አምጣትና እገጥምልሃለሁ። ወደ አዋሽ የምትሄድ ከሆነ ግን፣ ያን በር ላይ ያለውን ቢጫ ጄሪካን ይዘህልኝ ሂድ፤ ሞልቼዋለሁ። ግራሩ ሥር ስትደርስ ለሽማግሌው ስጥልኝ።