ያልተፈታው የፍላሽ ግዝት

ያን ቀን መካነ ሰላም ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ የንስሐ አባታችንና ጅቡቲ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ዓሣ ፎቶ የሚያነሳው ልጄ ነን። የካሜራውን ፍላሽ መብራት ጉልበት መቀነስ እንደሚቻል ሲያሳየን ደነገጥሁ። በዚያ ጨለማ ውኃ መብራት ቀንሶ ቢጠፋብኝስ? አባን ለምኜ ከሙሉው እንዳይቀንስ አስገዘትሁት።

አሁን ጅቡቲ ተመልሶ በስልክ ይነጫነጫል። «እማ፣ የውኃው ጉድፍ ሁሉ እየበራ ፎቶው በረዶ የወረደበት መስሏል! ፍላሹ አንዴ ብልጭ ካለ እንደገና ኃይል እስኪሞላ ዓሣው የለም። አሠሪዬ ሊያባርረኝ ነው፤ ግዝቱን አስፈቺልኝ!»

«ዝም ብለህ ቀንሰው በይው» ይለኛል አባቱ።

«ግዝት እኔ አፈርሳለሁ እንዴ?»

ሊፈቱት የሚችሉት የገዘቱት የንስሐ አባታችን ግን ወደ አቀስታ እንደሄዱ አልተመለሱም፤ ስልክም አይዙም። ደጃቸው ብመላለስ ቁልፍ ነው። እባካችሁ፣ ያያቸው ካለ የት እንዳሉ ንገሩኝ።