ቬርሊን የተመለሰችበት በር

ባለፈው ኅዳር መጽሐፍ ልመልስ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ፣ አንዲት ሴት ወፍራም መጽሐፍ አቅፋ ከመመለሻው ሣጥን ፊት ቆማለች። አትከተውም፣ አትሄድም። ጠጋ ስል ቬርሊን ስቲዳም ናት፤ በአረጋውያን መጦሪያው ወጥ ቤት ስትሠራ፣ እናቴን በመጨረሻ ዘመኗ በማንኪያ ያጎረሰችልኝ።

«ቅጣቱን ፈርተሽ ነው?» አልኳት ለቀልድ።

«ዓመት ሞላው እኮ፣ ማሬ። የኬክ አሠራር ነው። አንዴም አልገለጥኩት።»

ባሏን ዶይልን ከቀበርን ሁለት ወር አልሞላንም። ደረጃው ላይ አብረን ቁጭ አልን።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በዚያው በኅዳር፣ የመጦሪያው ባለቤት ሚስተር ኮምስ ለሠራተኞቹ የጤና መድን ቅጽ አደለ። ርካሽ ነው፤ ግን ከተራ የሐኪም ምርመራና ከክትባት አያልፍም፣ የማሽን ምርመራንም ሆነ ሆስፒታል መተኛትን አይሸፍንም። ሌላው መንገድ ቅጹን ትቶ፣ እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ከምትቀመጠው መዝጋቢ ዘንድ መንግሥት የሚደጉመውን መድን መምረጥ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን የፈረመ ግን ድጎማው ይቀርበታል። ዶይል ጣሪያ ሠሪ ነበር፣ የራሱ መድን አልነበረውም፤ ሆዱን ማመም ጀምሮት ነበር። «ሂጂና ጠይቂልን» አላት።

«እዚህ መጣሁ» አለችኝ ቬርሊን። «በመስታወቱ ሳይ ከቤተ ክርስቲያናችን ሎሬታ ከመዝጋቢዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ምላሷን ታውቂዋለሽ፣ ከኔ ቀድሞ ቤቴ ይደርሳል። አባቴ ደግሞ ሳንባውን የከሰል አቧራ በልቶት እንኳ ከመንግሥት እጅ ዱቄት ያልተቀበለ ሰው ነው። ገባሁና እጄ ላይ የመጣውን መጽሐፍ ተውሼ ወጣሁ።»

«ሎሬታ ራሷ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ልትመዘገብ ነዋ!» ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «እሱ የገባኝ ለቀብሩ ድንች ጋግራ ስትመጣ፣ ራሷ ስትነግረኝ ነው።»

በማግስቱ የራሷንና የዶይልን ስም ሞልታ የሚስተር ኮምስን ቅጽ ፈረመች። እናቷ ስትሞት የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይዞ የመጣ ሰው ነውና፣ ፊቱ ቆማ አልፈልግም ማለት አሳፈራት። የመንግሥቱ ምዝገባ በጥር ተዘጋ፤ እንደገና የሚከፈተው በኅዳር ነው። በሚያዝያ ሐኪሙ ሆድህ በማሽን ይታይ፣ ቀዶ ጥገናም ሳያስፈልግህ አይቀርም አለው። መድናቸው አንዱንም አይከፍልም። ዶይልም «ኅዳር ይድረስ፣ ያኔ እንቀይራለን» አለ። የጣሪያ መሰላል መውጣት ሲያቅተውም ኅዳር፣ ሾርባ አልወርድ ሲለውም ኅዳር። በመስከረም አምቡላንስ ወሰደው፤ የሆዱ ዕጢ ጉበቱ ደርሶ ነበር።

«አሁንስ ለራስሽ ግቢ» አልኳት። «መዝጋቢዋ ውስጥ ናት። አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ተነሥታ መጽሐፉን ከተተችው፤ ሣጥኑ ውስጥ ዱብ ሲል ተሰማኝ። መኪናዋ ጋ ደርሳ በሩን ከፈተችና ዞር አለች።

«መጽሐፉን የተዋስኩ ቀን ቤት ስገባ ዶይል 'ምን አሉሽ?' አለኝ። 'ለዘንድሮ አይሆንም አሉኝ' አልኩት። እስኪሞት ድረስ እነሱን ነበር የሚረግመው፣ ማሬ። እኔንማ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም።»