ማሽናቸውን ወልውለው የወጡት ጋሼ

በፈረንጆቹ 1986 ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ነዳጅ ረክሶ በነዳጅ በምትኖረው የካናዳ ከተማ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሥራ ጠፋ። ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ጋር በአንድ የብረታ ብረት ሾፕ በቶርኖ ማሽን ብረት እንቀርጽ ነበር፤ እሳቸውን ሥራ የለም ብለው ሌይኦፍ አደረጓቸው። ጋሼ ማሽናቸውን ሳይወለውሉ ወጥተው አያውቁም። ያን ቀንም ቁጭ ብለው ይወለውላሉ!

«ላባረሩዎት ሰዎች ነው የሚያጸዱት?» አልኳቸው።

«ማሽኑ ምን አደረገኝ? ይልቅ አንተ ሥራህን እንዳትለቅ፤ ልጆች አሉህ።»

ተናደድኩ። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር ቀበርናቸው፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። አሁን ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?

ያኔ በማግስቱ ጠዋት ፎርማኑ በሳቸው ማሽን ላይ እንድሠራ አዘዘኝ። እምቢ ብዬ፣ ሥራዬን ለቅቄ፣ ምሳ ዕቃዬን አንስቼ፣ እሳቸው ቤት ሄድኩ።

«አንተ ድንጋይ!» አሉኝ በሩን ሲከፍቱ ምሳ ዕቃዬን አይተው።

አልፌያቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።