የአርባ አንድ ቁጥር ሞግዚት

እኔ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ ሳይንስ አልጠየቅም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ጠርሙስ ያጠበ ሰው ጆሮው ሥራ አይፈታም። ሞግዚት የምንላት ቴክኒሻን የሴቶችን የኦቫሪ፣ ማለት የእንቁላል ማፍሪያ፣ ሴሎች በብርጭቆ ሳህን ታሳድጋለች። እንቁላሉን ከብበው የሚቀልቡት እነሱ ናቸው። በውስጣቸው አንድ ኢንዛይም አለ፤ የቱ ጂን ይንቃ፣ የቱ ይተኛ ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። እሱ ካነሰ ሴሎቹ የሰውነትን ትእዛዝ አይሰሙም፣ እንቁላሉም አይበስልም። ይኼን ያስረዳችኝ ራሷ ናት፣ ገና መሳቅ ሳትተው።

የሴሎቹ ምግብ በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፤ በዓል የለ፣ ቅዳሜ የለ። በእኛ ቤት አነጋገር ይኼ «ማብላት» ነው። ሳህኖቹ ላይ የሰጪዋ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። እሷም ልጅ እምቢ ብሏት ስትታከም የራሷን ሴል ሰጥታ ነበር። ያን ሳምንት ቁጥር ለጣፊዋ እሷው ሆና አረፈችው! አርባ አንድ። ማንም ማወቅ የሌለበትን በገዛ እጇ አወቀችው።

ባለፈው ወር ኃላፊው በስብሰባ ላይ፣ አርባ አንድ ላይ ኢንዛይሙ የለም ማለት ይቻላል፣ ከሷ ምንም አንጠብቅ አለ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ጻፈችው። ከዚያ ማጠቢያ ክፍል መጥታ ለእኔ ተነፈሰችው። ቁጥሯን ማወቋን ለኃላፊው ብትናገር ከሥራ መባረር ነው። ባሏ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ «በጊዜው ይሰጠናል» እያለ የሚጠብቅ ሰው ነው። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል። እኔ ለባልሽ ንገሪው እያልኩ ነዘነዝኳት፤ ቅዳሜ ጠዋት በመጨረሻ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ አለችኝ።

ያንኑ ቀን አማቷ ከተፍ አሉ። በስልክ «ሳላበላቸው አልመጣም» ስትል ሰምተው፣ የደበቀቻቸው ልጆች አሉ ብለው ተከትለዋት ኖሯል። እኔ በሳቅ ልሞት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጃቸውን ይዛ ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደቻቸው።

«የማን ናቸው?» አሉ ጎንበስ ብለው።

«የእኔ ናቸው፣ እማማ። እንቁላል አያበስሉም። መቼም።»

አሮጊቷ ቀና አሉ። እኔ ስድብ ስጠብቅ፣ አቅፈዋት አለቀሱ። ተመስገን፣ ተገላገለች አልኩ፣ እኔ ሞኟ። እንባቸውን ጠረጉና እንዲህ አሏት፦

«ለልጄ እንዳትነግሪው። ተስፋው ከተቆረጠ ጥሎሽ ይሄዳል፤ እኔ ደግሞ አንቺን ማጣት አልፈልግም። እርስዎ ይሙቱ በዪኝ።»

ዞር ብላ አየችኝ።  እኔ እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ ማድረቅ ቀጠልኩ።

«እርስዎ ይሙቱ» አለች።

ስሸኛቸው፣ ባሏ እናቱ ደውለውለት ሊወስዳቸው መጥቶ ግቢው በር ላይ መኪና ውስጥ ይጠብቅ ነበር። ምን ስታደርጉ ቆያችሁ ቢል፣ እናቱ ቀድመዋት፣ እንቁላል እንዴት እንደሚበስል ስታሳየኝ ነው አሉት። ፊቱ በራ።

«በቃ፣ የእኛም ቀን ደርሷል ማለት ነው» ብሎ የመኪናውን በር ከፈተላት። ገባች።