ቢቸናን ፈርቼ ሞጣ ላይ ያገኘኋት ነርስ

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው በፍርሃቱ ምክንያት አይደለም፤ ፍርሃቱማ አሁን አሁን ያስቀኛል። ያልወጣው በአንዲት ነርስ ምክንያት ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ቢቸና ከእናቴ ጋር እየኖርኩ አስተምራለሁ። ይትባረክ ለሚባል ዲያቆን ታጭቼ ሠርጋችን ለግንቦት ተቆርጧል። ይትባረክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ቅስና ነው። ዲያቆን ደግሞ ቄስ ለመሆን ድንግል አግብቶ፣ አብሯት መቁረብ አለበት። ስለዚህ የእኛ መጠባበቅ የሁለታችን ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡም ደብሩም የሚያውቀው ነገር ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት ብቻችንን ሆንን፤ ከልክ አለፍን። ሩካቤ አልፈጸምንም። ልብሳችንም ከላያችን አልወረደም። ግን ሁለታችንም አፍረን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ተለያየን።

የወር አበባዬ ድሮም ቀን አያውቅም። አንዳንዴ በሃያ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ በሃምሳ ቀን ይመጣል። በዚያ ሰሞን ግን ጭራሹን ጠፋ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢትም ተጋመሰ፤ የለም። ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ገጽ “አይቻልም” ሲለኝ ትንሽ እተነፍሳለሁ፤ ሌላው “አልፎ አልፎ ያጋጥማል” ሲለኝ ሆዴን እዳብሳለሁ። አርግዤ ከሆነ ድንግል ነኝ ብል ማን ያምነኛል? የሰው ልጅ ቅስና በእኔ ምክንያት ሊቀር ነው።

በዚህ ላይ እናቴ ነቃች። እኛ ዘንድ ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነው የምታስቀድሰው። እናቴ ይህን ከእኔ በላይ ትከታተላለች።

“ልጄ፣ ሰሞኑን ከደጅ ስትቀሪ አላየሁሽም፤ ደህና አይደለሽም እንዴ?” አለችኝ።

ደነገጥኩ። በሚቀጥለው እሑድ ምንም ሳልሆን ነጠላዬን ተከናንቤ ከቅጥሩ ውጭ ቆምኩ። እናቴ አየችኝና ልቧ ረጋ። እኔ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ ስለ ውሸቴ ይቅርታ ስለምን ቆየሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ቢቸና ውስጥ መመርመር አይታሰብም። መድኃኒት ቤቱም ጤና ጣቢያውም የሚያውቀኝ ሰው የሞላበት ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄድኩ። ግንደወይን ላይ ሰው ለማውረድ ስንቆም ወርጄ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ግን ከመቀመጫዬ መነሳት አቃተኝ።

ሞጣ ላይ በገባሁበት ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ ነርስ ሲስተር ዘሀራ ትባላለች። ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ገና “የወር አበባዬ…” ብዬ ሳልጨርስ ተነስታ በሩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

“አብሽሪ እህቴ፤ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።”

ሁሉንም ነገርኳት። ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ፊቷም አልተለወጠም።

“በልብስ ላይ በመተቃቀፍ እርግዝና አይመጣም” አለችኝ። “የወንዱ ፈሳሽ ብልትሽ አጠገብ ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ ግንኙነት ባይኖርም ትንሽ ዕድል ይኖር ነበር። ስለዚህ መጠየቅሽ ሞኝነት አይደለም። ሽንትሽን እንመርምርና ሁለታችንም እንረፍ። ሥራሽ ምንድን ነው?”

“መምህር ነኝ።”

“የምን?”

መሬት መሬት እያየሁ “የባዮሎጂ” አልኳት።

ሌላ ሰው ቢሆን በሳቅ ይፈነዳ ነበር። እሷ ግን “እኔም ነርስ ሆኜ ልጄን ሲያተኩሰው የተማርኩት ሁሉ ይጠፋኛል” ብላ የሽንት ዕቃውን ሰጠችኝ።

ሽንቴን ሰጥቼ ስመለስ የይትባረክ አክስት ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሞጣ እንደሚኖሩ ጨርሶ ረስቼው ነበር!

“አንቺ የእኛ ሙሽራ፣ ከቢቸና እዚህ ድረስ ምን አመጣሽ?” አሉኝ።

ይኼኔ ሲስተር ዘሀራ ብቅ አለች። ሴትዮዋ ወደ እሷ ዞረው “ምን ሆና ነው ልጃችን?” ብለው ጠየቁ።

“እማማ፣ የእሷን ለእርስዎ አልነግርም፤ የእርስዎንም ለእሷ አልነግርም” አለች ፈገግ ብላ። “ይልቅ እሷን ልጨርስና ግፊትዎን እለካዎታለሁ።”

አክስት ትንሽ ቅር ቢላቸውም “ደግ፣ ይሁን” ብለው ወረፋቸውን ጠበቁ። እስከ ዛሬም ስለዚያ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ገብተን በሩ ሲዘጋ ውጤቱን ራሴ እንዳየው ሰጠችኝ። አንድ መስመር ብቻ። እርግዝና የለም። አለቀስኩ። “ይሳሳት ይሆን?” ስላት ሳትሰለች ሌላ መመርመሪያ አውጥታ እዚያው ፊቴ ደገመችው። አሁንም አንድ መስመር። ሁለት ወር ገደማ ስላለፈው ውጤቱ የሚታመን መሆኑን አስረዳችኝ።

ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ከስቻለሁ፤ በጣም ከስቻለሁ። በቀን አንዴ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ቆንጥሬ ነበር የምተወው።

“ጾምሽን ተዪ አልልሽም፤ እኔም ጾመኛ ነኝ” አለችኝ። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። “ግን ስትፈቺ በደንብ ብዪ። ሰውነት ሲከሳና ጭንቀት ሲበዛ የወር አበባ ይቀራል። ሦስት ወር ከሞላው ግን ሐኪም ይይሽ፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል።”

ከንፈሯ በጾም ደርቋል፤ ውጭ ወረፋው ረዝሟል፤ እሷ ግን አንዴም ሰዓቷን አላየችም።

ሐኪም ጋ ልሄድ ስዘጋጅ፣ የወር አበባዬ ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ መጣ። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የሰማኝ ሰው ካለ አብዳለች ብሎ ይሆናል።

ከተጋባን በኋላ ሁሉንም ለይትባረክ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ “እኔም ያኔ ፈርቼ ነበር። ሆኖ ቢገኝ ቅስናው ይቀራል እንጂ እሷን አልተዋትም ብዬ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር” አለኝ። ዛሬ ቄስ ነው።

እንዲህ ያለ ባል ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ቢሆንም ደግ ሰው ሲባል ስሰማ ቀድማ ትዝ የምትለኝ ሲስተር ዘሀራ ናት። ይትባረክ ይወደኛል፤ ለእኔ ቢጨነቅ አይገርምም። እሷ ግን ስሜን ያነበበችው ከካርድ ላይ ነው።