ዮናስ የጠፈር ልብስ ለብሶ አያውቅም

ይህን የምትጽፈው ልጄ ሰናይት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዮናስ ሞተ አሉኝ። የትኛው ዮናስ? አልኩ። ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ እሑድ እሑድ በመኪናው ቤተ ክርስቲያን የሚወስደኝ ዮናስ። ማታ ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ አሉ። ሐሰት ነው አልኩ። ትናንት ጠዋት አሳንሰር ውስጥ "እሑድ ቀደም ብለው ይውረዱ፣ ባለፈው አስረፍደውኛል" ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነበር እኮ! አምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እኔ ሰማንያን አልፌ እዚህ ተጎልቼ እሱ ይሄዳል? ምን የሚሉት ነገር ነው?

ገና አላለቀስኩም። ያላለቀስኩት ስለተናደድኩ ነው።

የተናደድኩት በእናንተ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ሁሉ በኮምፒውተር በተፈበረከ አንድ ፎቶ ተሞልቷል። ዮናስ ነጭ የጠፈር ልብስ ለብሶ፣ ቆቡን በብብቱ ይዞ፣ ደም የመሰለ ምድር ላይ ቆሞ። ፀጉር አብቅለውለታል! ሰውዬው መላጣ ነበር እኮ! ጽሑፉ ደግሞ "ማርስን የረገጠው ጀግናችን" ይላል አሉ። እዚህ አሜሪካ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ያገሬ ሰው እየተቀባበለው ያለቅሳል። ይቺ የምትጽፈው ልጄም ሼር አድርጋዋለች።

"አባዬ፣ ይሄ እንኳ ይቅር" ትለኛለች አሁን።

አይቀርም። ጻፊው።

ማንም ሰው ማርስን አልረገጠም። የሄደው ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ነው። ቀስ እያለ ይዞራል፣ ድንጋይ ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል። የዮናስ ሥራ የፎቶዎቹ ቀለም ነበር። ድንጋዩ እዚያ ቆመህ ብታየው ምን እንደሚመስል ማረጋገጥ። ሮቦቱ ጀርባ ላይ ቀለም የተቀቡ ትናንሽ ክቦች ተለጥፈዋል። ቀዩ ምን ያህል ቀይ፣ ግራጫው ምን ያህል ግራጫ እንደሆነ ከመሄዱ በፊት እዚህ ተለክቷል። ካሜራው እነሱንም ያነሳል፣ ድንጋዩንም ያነሳል። እነሱ ተዛብተው ከመጡ ድንጋዩም ተዛብቷል ማለት ነው። አቧራ ሲያርፍባቸው ደግሞ ሄዶ የሚጠርግ ሰው የለም፤ አቧራውን አስልቶ የሚቀንሰው ዮናስ ነበር። በኛ በድንጋይ ሙያ ይሄ ቱንቢ ነው። ግድግዳ ቀጥ ማለቱን በዓይንህ አታምንም፣ ገመዱን ትጥላለህ፣ ብረቱ ይነግርሃል።

እኔ አርባ ዓመት ድንጋይ የጠረብኩ ሰው ነኝ። ዮናስን ያወቅኩት ከታች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ልብሱ እስኪታጠብ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ያያል።

"ይሄ የድንጋይ ካባ የት ነው?" አልኩት።

"ማርስ ላይ ነው፣ አባባ።"

"እህ። ይሄ ንብብሩ ውሃ ያስተኛው ድንጋይ ነው፣ ብትመታው በንጣፉ ተሰንጥቆ ይሄድልሃል። ያ ጥቁሩ ግን እሳት የተፋው ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አባባ፣ እኛ እኮ ይህን ለማለት ስንት ስብሰባ ተቀመጥን!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፎቶ በመጣ ቁጥር በሬን ያንኳኳል።

አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ተቀምጠን አንዱ መጣና፣ "ምነው ያንተ ማርስ ቡናማ ሆነ? ኢንተርኔት ላይ እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ትንሽ ቀይ ጨምርበት፣ ላይክ ታገኛለህ" አለው።

"እንዳለ ይታይ" አለው ዮናስ። ሁልጊዜ የሚላት ይቺን ነው። "ድንጋዩ እኮ እዚያ የተቀመጠው እኔን ለማስደሰት አይደለም።"

እኔንም አልማረኝም። ግራ ዓይኔ የድንጋይ ፍንጣሪ ገብቶበት ከጠፋ ቆይቷል። ሰናይት ስታገባ ሙሉ ልብስ ለብሼ ዮናስ ፎቶ አነሳኝ።

"ዓይኔን አስተካክልልኝ፣ በኮምፒውተር ይቻላል አሉ" አልኩት።

"ይቻላል። ግን አላደርገውም።"

"ምን አባክ ሆነህ ነው የማታደርገው?"

"አባባ፣ ሰው የሌለበት አገር ያለ ድንጋይ የማልነካ ሰው የእርስዎን ፊት ልነካ? እንዳለ ይታይ።"

ሁለት ሳምንት አኮረፍኩት። እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር እየተቀመጥኩ ነው የሄድኩት። ፎቶው ግን ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ "ዓይንዎን ምን ሆነው ነው?" ይላል፣ እኔም ሙያዬን እነግረዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው በውሸት ፎቶ የምትቀብሩት። ያ ፎቶ ለቅዳሜው ቀብር ባነር ሆኗል አሉ። ለቀብሩ አስተባባሪ ስልክ አስደወልኩ።

"አባባ፣ ዛሬውኑ ታትሟል እኮ። ደግሞም ያምራል" አለኝ።

ያምራል! ሠርግ ነው እንዴ? ዕድሜውን ሙሉ ማንም ሄዶ ያላየውን ድንጋይ ሳይዋሽ ሲያሳየን ኖሮ፣ በራሱ ፊት ይዋሽበት? ነገ ልጆቹ አድገው "አባታችን የቱ ነው?" ቢሉ ማን ሊመልስላቸው ነው?

ባለቤቱ እያለቀሰች አንድ ፎቶ ላከችልን። መላጣው ያበራል፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፣ አንድ ጥርሱ እንደተሸረፈ ይስቃል። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የተለጠፈው እሱ ነው። ዮናስ ይሄ ነው። ያኛውን አጥፉና ይሄንን አስተላልፉ።

ዮናስ፣ ባነሩን ማስወረድ ካቃተኝ ቅዳሜ ፊት ለፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ያንተን ፎቶ ደረቴ ላይ ይዤ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ግን አልቀመጥም። "ሽማግሌው ጃጀ" ይበሉ። አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም፤ ስጨቀጭቅህ ነው የኖርኩት። አመሰግናለሁ። ግን እኔን መቅበር የነበረብህ አንተ ነበርክ፤ ይህን አልረሳልህም። በል በሰላም ሂድ፣ ልጄ።

ሰናይት፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አታልቅሺ። አንብቢ።